ከቆዳ በታች ስለሚሄድ ሕመምና በአልጋ ዳር ስለሚታይበት መሣሪያ

የዛሬው ጽሑፋችን የሕክምና ትምህርት ነውና ከሌላ ፋኩልቲ ያሉ ጓደኞቻችን ገጹን ገልጠው እንዳያልፉት አስቀድመን እንለምናለን። ፊዚክስ የሚማረው ወንድማችን ከመካከሉ የራሱን ትምህርት ያገኛል፤ ሕግ የሚማረውም ቢሆን እግር ስላለው ነገሩ ይመለከተዋል።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን የምንጽፈው ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ነን። አንድ ምሽት በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለን፣ ዕድሜያቸው ወደ 50 የሚሆን አንድ ገበሬ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» ብንላቸው፣ «ከሦስት ቀን በፊት አጥር ሳጥር እሾህ ወጋኝ፤ ነቅዬ ጣልሁት፤ ዛሬ ግን ልጆቼ፣ እግሬን ውሻ የሚያኝከው ይመስለኛል» አሉን። ልጃቸውም ጎረቤት ሚች ነው ስላለ ዳማ ከሴ አሽተውላቸው እንደ ነበር ነገረን። የስኳር በሽታም ነበረባቸው። እግራቸውን ገልጠን ስናየው ግን ያን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር አላገኘንም። በግራ ባታቸው ላይ መዳፍ የምታህል መቅላትና ጥቂት እብጠት ብቻ ነበረች። ትኩሳት የለም። ውሃ የቋጠረ የለም። ነገር ግን ከቀላው ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ ብለን፣ ደኅና በሚመስለው ቆዳ ላይ ጣታችንን ብናሳርፍ ጮኹ።

ተረኛው ሐኪም በካርዱ ላይ «ሴሉላይትስ» ብሎ ጻፈ። ሴሉላይትስ ማለት የቆዳና ከቆዳ በታች ያለው ስብ ተራ ብግነት ነው። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ጧት ይታያሉ ተባለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አደሩ፤ «እኒህ ሰው ሕመም አይችሉም» ያለም ነበር። ሲነጋ ባታቸው ወደ ሐምራዊ ጠቁሮ ደም የቋጠረ ውሃ አወጣ፤ የደም ግፊታቸውም ወረደ። ቀዶ ሐኪሙ በከፈተው ጊዜ መግል እንኳ አላገኘም፤ የወጣው የዕቃ እጣቢ የመሰለ ግራጫ ፈሳሽ ነበር። እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቈረጠ። እሳቸው ተርፈዋል።

በዚያ ሌሊት ከአልጋቸው ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ አንሶላ ተደርቦበት፣ አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ቆሞ ነበር። እሱ የነፍሰ ጡሮች ነው እየተባለ ማንም አልነካውም። እኛም አልጠየቅንም። ቢታዩበት ኖሮ እግራቸው በእርግጥ ይተርፍ ነበር ብለን አንምልም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ላይ ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ቆይተናልና የገባንን ያህል ለጓደኞቻችን እናካፍላለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። የሰው ሥጋ በንጣፍ በንጣፍ የተሠራ ነው። ከላይ ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር ስብ፣ ከስቡ ሥር ጡንቻውን እንደ ከረጢት የሚጠቀልል ነጭ ሽፋን፣ ከዚያም ራሱ ጡንቻው ይገኛል። በበዓል ቀን በግ ታርዶ ብልት ሲወጣ ያየ ሁሉ ይህን ነጭ ሽፋን ያውቀዋል፤ ቢላዋው በእሱ በኩል ሲሄድ ሥጋ ከሥጋ ያለ ብዙ ድካም ይለያያል። ሐኪሞች ፋሺያ ይሉታል። ታዲያ ለቢላዋ የቀና መንገድ ለጀርምም ይቀናዋል። በፋሺያው ላይ የሚያልፈው ደም ጥቂት ስለሆነ የሰውነት መከላከያ በቶሎ አይደርስበትም፤ ጀርሙም በዚያ ንጣፍ ላይ ተዘርግቶ በሰዓታት ውስጥ ብዙ ይጓዛል። ይህ ሕመም ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይትስ ይባላል፤ ፋሺያውን የሚገድል ብግነት ማለት ነው።

ሐኪሙን የሚያታልለው የአካሄዱ ቅደም ተከተል ነው። ወደ ቆዳ የሚወጡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ፋሺያውን በስተው ያልፋሉ። ፋሺያው ሲበከል በእነዚህ ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ይረጋል፤ ቆዳውም ከሥር ምግቡ ተቋርጦበት ይሞታል። ስለዚህ የቆዳው መጥቈርና ውሃ መቋጠር የሕመሙ መጀመሪያ ሳይሆን ብዙ ከሄደ በኋላ የሚታይ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቆዳው ደኅና መስሎ ይቈያል፤ ከሥሩ ግን ቤቱ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ያለው ዋነኛ ምልክት ከሚታየው ቁስል ጋራ የማይመጣጠን ሕመም ነው፤ የእኛ አባባ የነገሩን ይህንኑ ነበር። ከዚያ ደግሞ ነርቮቹ ሲሞቱ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ቆዳው ይደነዝዛል። «ተሻላቸው» ብሎ ደስ የሚለው ሐኪም በዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡ ጦር ሐኪም የነበረው ጆሴፍ ጆንስ በ1871 የሆስፒታል ጋንግሪን እያለ ጽፎታል። ፈረንሳዊው ፉርኒየ በ1883 በወንድ ብልት አካባቢ የሚነሣውን ዓይነት ገለጠ፤ ያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1924 ፍራንክ ሜሌኒ በፔኪንግ ያያቸውን 20 በሽተኞች ጻፈ፤ የዛሬውን ስም የሰጠው ግን ዊልሰን የሚባል ሐኪም በ1952 ነው። አንዳንዱ በአንድ ዓይነት ጀርም፣ በተለይም ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ይነሣል፤ ሌላው፣ በተለይ የስኳር ሕመምተኞችን የሚይዘው፣ በብዙ ዓይነት ጀርም ኅብረት ነው። በደኅና ሆስፒታልም ቢሆን ከአምስት ወይም ከአራት በሽተኞች አንዱ ይሞታል። መድኃኒቱ ብቻውን አያድንም፤ የሞተው ሥጋ በቢላዋ መወገድ አለበት፤ በዘገየም መጠን ሞቱ ይበዛል።

እንግዲህ ጥያቄው ከብዙ ተራ ሴሉላይትስ መካከል ይህን አንዱን በጊዜ እንዴት እንለየዋለን ነው። በ2004 ሲንጋፖር ላይ ሐኪሞች ከደም ምርመራ ስድስት ነገሮችን ወስደው ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አወጡ፤ 6 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ይጠረጠራል ተባለ። በኋላ በሌሎች አገሮች ሲፈተን ግን ነጥባቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሕመሙ ያለባቸው አያሌ ሰዎች ተገኙ። ሲቲ ስካን ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ከትላልቅ ከተሞች ወጣ ሲሉ ብዙው የአገራችን ሆስፒታል ሲቲ ስካን የለውም፤ ባለበትም ቢሆን ግፊቱ የወረደ ሰው ወደዚያ ክፍል ሲጋዝ መንገድ ላይ ይደክማል። አልትራሳውንድ ግን ወደ በሽተኛው ይመጣል።

አሁን ለፊዚክስ ወንድማችን። ወደ ገደል የጮኸ ሰው ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማል፤ የገደል ማሚቶ የምንለው ነው። ድምፁ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ የለካ ሰው ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። አልትራሳውንድ የሚሠራው ልክ እንዲሁ ነው። የኩሪ ወንድማማቾች፣ ዣክና ፒየር፣ አንዳንድ ክሪስታል ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ በ1880 ደረሱበት፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ይርገበገባል። በመሣሪያው እጀታ ጫፍ ላይ ያለው ይህ ነገር ነው፤ እሱው ይጮኻል፣ እሱው ያዳምጣል። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም፤ እኛ ለቆዳና ለሥጋ የምንጠቀምበት በሰከንድ ከ7 እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 1 ሴንቲሜትር ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 13ቱን ያህል ነው። መሣሪያው ይህን ቈጥሮ ሥዕል ይሠራል። በ1958 የግላስጎው ሐኪም ኢየን ዶናልድ ከጓደኞቹ ጋራ የሆድን ውስጥ በዚህ መንገድ ማየት እንደሚቻል ጽፎ ካሳተመ ወዲህ ነው ነገሩ በእርግዝና ሕክምና ዘንድ የታወቀው፤ «የነፍሰ ጡሮች ነው» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ይመስለናል።

ሁለት ነገር ብቻ ልብ ይባል። አንደኛ፣ ፈሳሽ ድምፅን አይመልስም፤ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ፣ አየር ድምፁን ሁሉ ማለት ይቻላል መልሶ ይወረውረዋል፤ ከእሱ በታች ያለው አይታይም። በቆዳው ላይ ያንን የሚያዳልጥ ጄል የምንቀባው በእጀታውና በቆዳው መካከል ቅንጣት አየር እንዳይገባ ነው። ይህ የአየር ጠባይ ከታች እጅግ ይጠቅመናል።

ወደ በሽተኛው እንመለስ። ከሁሉ በፊት ማስታገሻ ይሰጠው፤ የታመመ እግር ላይ እጀታ መጫን ቀላል ነገር አይደለም። የምንመርጠው ጫፉ ቀጥ ያለውን እጀታ ነው፤ ሆድ የሚታይበት ቈልማማው ጠለቅ ላለ ቦታ ካልሆነ ዝርዝሩን አያሳይም። ቁስል ካለ እጀታውን በጓንት እናለብሰዋለን፤ ሲያበቃም በሚገባ እናጸዳዋለን፤ አለዚያ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ጀርም አመላላሽ እንሆናለን። ጄሉ በብዛት ይደረግ። ከዚያ የምንጀምረው ከታመመው ሳይሆን ከደኅናው እግር ነው። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ መምህር ሆኖ አግኝተነዋል። የሰውየው ስብ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ፋሺያው የት እንዳለ፣ ጡንቻው ምን እንደሚመስል የሚነግረን ደኅናው እግር ነው። በደኅናው ላይ ቆዳው ከላይ ነጭ መስመር ሆኖ፣ ስቡ ጠቈር ያለ፣ ፋሺያው እንደ ተዘረጋ ነጭ ክር ቀጥ ብሎ፣ ጡንቻውም እንደ ወፍ ላባ ሰረዝ ሰረዝ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ታመመው እግር ተዘዋውሮ ያንኑ ቦታ በቁመትም በወርድም ማየት ነው፤ ከቀላው ቦታ አልፎ ደኅና እስከሚመስለው ድረስ።

በተራ ሴሉላይትስ ጊዜ ፈሳሹ በስቡ እንክብሎች መካከል ይሰርጋል፤ እንክብሎቹ ነጭ፣ በመካከላቸው ያለው ጥቁር ሆኖ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ይመስላል። ፈረንጆቹም ኮብልስቶን ይሉታል፤ በየከተማችን ኮብልስቶን ስንረግጥ ስለኖርን ለእኛ ለመለየት አይቸግረንም። ነገር ግን ይህ መልክ ፈሳሽ በስብ ውስጥ መኖሩን ብቻ ይናገራል እንጂ ብግነት መኖሩን አይመሰክርም። ልቡ የደከመ ሰው እግሩ ሲያብጥ እንዲሁ ይታያል። በአገራችን ደግሞ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት ባዶ እግራቸውን ሲሠሩ ኖረው የዝሆኔ በሽታ የያዛቸው ወገኖቻችን አሉ፤ እግራቸው ምንም ብግነት ሳይኖርበት ዘወትር ኮብልስቶን ነው። በእነሱ ዘንድ ሁለቱም እግር ስለሚያብጥ ደኅናውን አይቶ ማመዛዘን የሚለው ምክራችን እንኳ ብዙ አይረዳም።

መግል የቋጠረ እባጭ ደግሞ ጥቁር ወይም ዳመና የመሰለ ኩሬ ሆኖ ይታያል፤ በእጀታው ጫን ለቀቅ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ ጠላ አተላ ይዋልላል። ከላይ በጣት ዳሰው ምንም ያላገኙት እባጭ በመሣሪያው ይገኛል፤ እባጭ ነው ተብሎ ሊቀደድ የነበረውም እብጠት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ2006 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ሴሉላይትስ ከነበረባቸው 126 የድንገተኛ ክፍል በሽተኞች መካከል ለ71ዱ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ካየ በኋላ የሕክምና ሐሳቡን ለውጧል። ከመቅደድ በፊት የደም ፍሰት በቀለም የሚያሳየውን ቍልፍ መጫን አይረሳ፤ በብሽሽት፣ በአንገትና ከጉልበት በስተኋላ ያለ እባጭ አንዳንድ ጊዜ ያበጠ የደም ቧንቧ ሆኖ ይገኛልና እሱን በምላጭ የሚነካ ሰው ወዮለት። በሙቅ አገር በብዛት የሚታየው የጡንቻ ውስጥ መግልም አለ፤ ቆዳው አይቀላም፣ በሽተኛው ጭኔን አመመኝ እያለ ያነክሳል፤ በአልትራሳውንድ ግን በጡንቻው መካከል ያለው ኩሬ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በፋሺያው ሕመም የምንፈልጋቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከቆዳ በታች ያለው ንጣፍ መወፈርና መደፍረስ ነው፤ ይህ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሴሉላይትስም ያደርገዋል። ሁለተኛው በፋሺያው ላይ እንደ ጥቁር ሪባን ተዘርግቶ የሚታይ ፈሳሽ ነው፤ ያ የዕቃ እጣቢ የመሰለው ማለት ነው። ሦስተኛው አየር ነው፤ አንዳንዶቹ ጀርሞች ሥጋውን ሲያበሰብሱ ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ በሥዕሉ ላይ እንደሚያብለጨልጭ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ፣ ከበታቹ ድፍርስ ጥላ ጥሎ ይታያል። አጥንትና ድንጋይ የሚጥሉት ጥላ ጥርት ያለ ጥቁር ነው፤ የአየር ጥላ ግን ጭስ እንደ ገባበት ክፍል ነው። በጣት ሲዳሰስ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኰሻኰሽ ቆዳ በመጽሐፍ ሁሉ ተጽፏል፤ መሣሪያው ግን ጣት ከመስማቱ በፊት ሊያየው ይችላል።

የፈሳሹ መጠን ስንት ሲሆን እንፍራ? በ2002 በታይዋን የተደረገው ጥናት በዚህ ረገድ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ሕመሙ የተጠረጠረባቸው 62 በሽተኞች ታዩ፤ 17ቱ በእርግጥ ነበረባቸው። ከፋሺያው ላይ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ፈሳሽ ከወፈረው ንጣፍ ጋራ አብሮ ሲገኝ ሕመሙ አለ ተብሎ ቢፈረድ፣ መሣሪያው ከ17ቱ 15ቱን አገኘ፤ ከቀሩት 45 ደግሞ 42ቱን በትክክል ነጻ አወጣ። ይህ መልካም ውጤት ነው። ነገር ግን ወንድሜ፣ ቍጥሩን ገልብጠህ አንብበው፤ ሁለት ሰዎች አምልጠውታል። በ2019 ከዚያው ከታይዋን የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 2 ሚሊሜትርን መለኪያ ቢያደርግ፣ ከ100 በሽተኞች 75 ያህሉን ብቻ ያገኘ ሆነ፤ ሕመሙ ከሌለባቸው 100 ሰዎችም 30 ያህሉን በሐሰት ወነጀለ። ጋዙም ቢሆን ሲገኝ ጠንካራ ምስክር ነው፤ ነገር ግን በስትሬፕቶኮከስ ብቻ በሚነሣው ዓይነት ብዙ ጊዜ ጋዝ የሚባል ነገር የለም፤ በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት ቁስሉ ተቀድዶ ከሆነም የታየው አየር ከውጭ የገባ ሊሆን ይችላል። በወፍራም ሰውና በመቀመጫ አካባቢ ፋሺያው ከእጀታው ዓይን ይርቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ የመሣሪያው ዓይን የያዘው ሰው ዓይን ነው፤ ትናንት የጀመረውና አምስት ዓመት የሠራበት አንድ ዓይነት ነገር አያዩም።

ስለዚህ እኛ ሁለታችን ተከራክረን የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው። መሣሪያው «አለ» ሲል እንመነው፤ «የለም» ሲል ግን አንመነው። የማይመጣጠን ሕመም ያለበት፣ ልቡ በፍጥነት የሚመታ፣ እግሩ ሲዳሰስ እንደ እንጨት የጠጠረ ሰው፣ ሥዕሉ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ወደ ወንበሩ አይመለስም። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ «ታዲያ የማይታመን ምስክር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ሞግቶን ነበር። የሚጠቅመው በዚህ ነው፦ ቀዶ ሐኪሙን ከእንቅልፉ የምንቀሰቅሰው ተለማማጅ ሐኪሞች ነን። «ጌታዬ፣ በሽተኛው በጣም አመመኝ ይላል» ብለን ስንደውል የሚሰጠን መልስ ይታወቃል። «በፋሺያው ላይ ፈሳሽ አለ፤ ጋዝም አየን» ብለን ስንደውል ግን ጫማውን ያደርጋል። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ተጠራጣሪውን ማሳመን ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን በመጽሐፍ ተጽፎ አላገኘነውም፤ በተረኝነት ግን አይተነዋል።

ደግሞም ማየቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሊፈጅ አይገባም። በመጀመሪያ የደም ናሙና ይወሰድ፤ ብዙ ዓይነት ጀርም የሚመታ መድኃኒት ይጀመር፤ ከእሱም ጋራ የጀርሙን መርዝ መመረት የሚገታው ክሊንዳማይሲን ይጨመር፤ ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለው ፈሳሽ በደም ሥር ይግባ፤ ከዚያ ወይም ከዚህ ጋራ ጎን ለጎን ይታይ። የቀላው ቦታ ዳርቻ በእስክሪፕቶ ይከበብ፤ ሰዓቱም በአጠገቡ ይጻፍ። ጥርጣሬው ካልለቀቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ገና ይታይ፤ ጥቁሩ ሪባን ወፍሮ፣ መቅላቱም ክቡን አልፎ ከተገኘ የሚጠበቅ ነገር የለም። እርግጠኛው ማረጋገጫ ግን የቀዶ ሐኪሙ ዓይንና ጣት ነው። ቦታውን አደንዝዞ እስከ ፋሺያው ድረስ ጥቂት ይቀድዳል፤ ሥጋው ካልደማ፣ እጣቢ የመሰለው ፈሳሽ ከወጣ፣ ጣቱም በፋሺያው ላይ ያለ ተቃውሞ ከተንሸራተተ ነገሩ አብቅቷል፤ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ነው። ከተቈረጠም በኋላ በማግሥቱ እንደ ገና ከፍቶ ማየት የግድ ነው፤ በአንድ ቀን ተጠርጎ የሚያልቅ ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በ2010 ከተጀመረ ወዲህ በአልጋ ዳር አልትራሳውንድ የሚያዩ ሐኪሞች በአገራችን አሉ። ግን ሁሉ ጊዜ እነሱን መጠበቅ አይቻልም፤ ከምረቃ በኋላ አብዛኞቻችን የምንመደበው እነሱ ወደሌሉበት ነው። እዚያ ደግሞ መሣሪያው ለእርግዝና ሲባል በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ልምምዱን አሁን እንጀምር።

እኛ የተለማመድንበት ዘዴ ርካሽ ነው። መጀመሪያ አንዳችን የሌላውን ባት አየን፤ ይህ ምንም አያስከፍልም። ቀጥሎ ከሥጋ ቤት ነጩ ሽፋን ያልተገፈፈለት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዛን፤ ጾም ከሆነ ግን ልኳንዳው ዝግ ስለሚሆን ቀኑ አስቀድሞ ይታሰብበት። ሥጋውን በፌስታል ላይ አጋድመን፣ በመርፌ ጥቂት ውሃ በነጩ ሽፋን ሥር አስገባን፤ በእጀታው ስናየው ያ ጥቁር ሪባን በእርግጥ ተዘርግቶ ታየ። መርፌውን ባዶ አድርገን ሁለት ሚሊሊትር አየር በሌላ በኩል ነፋንበት፤ ነጩ ነጠብጣብና ጭስ የመሰለው ጥላ ወጣ። ከዚያ አንዳችን ዓይኑን ጨፍኖ ሌላው የፈለገበት ቦታ ውሃ ወይም አየር እንዲያስገባ፣ ወይም ምንም እንዳያስገባ አደረግን፤ መልሱንም በወረቀት ጻፍን። በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ስድስቱን አወቅን፤ በአራተኛው ቀን ከአሥር ዘጠኙን። ሥጋው ከዚህ በኋላ እንደማይበላ መናገር አያሻንም፤ ሆኖም ከመኝታ ክፍላችን አንድ ሰው ጠይቆን ስለ ነበር ጽፈነዋል።

ይህን ልምምድ በጋራ ማድረግ የሚሹ ጓደኞቻችን የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪ ባይሆኑም እንቀበላቸዋለን። ባቱን ለማየት የሚያበድር ሰው ሁል ጊዜ ይጐድለናልና ረጅም ካልሲ አድርጎ የሚመጣ እንዳይኖር አደራ እንላለን።